ዘለላ

ቤታችን የቆመው በቦምብ ቀፎ ላይ ነው፤
አባቴ ከጫካ በጎሽ አስጎትቶ
እንደ ግንድ አራቱን ማዕዘን ያቆመው።
ሽንኩርት የዘራንበት ገንዳም ከዚያው ወገን፣
ማንኪያችንም ከእርሱው፤ ጎረቤቴ ሲንግካም
በአመድ ውስጥ አቅልጦ የቀረጸው።
ሾርባው የቀዘቀዘ ዕለት ብረት ብረት ይላል።

እኔ ኬዎማኒ፣ አፈር አዳማጭ ነኝ፤
በሲዬንግ ኩዋንግ ሜዳ፣ በቀይ ክር መሐል፣
አንድ ክንድ ወደ ፊት፣ አንድ ክንድ ወደ ጎን
ተንበርክኬ ስሄድ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።
ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም የሚሉት ተረት
እዚህ ተገልብጧል፤
ብልህ ነው የተከለው፣ በሒሳብ፣ በንድፍ፣ በትምህርት፤
ነቃዮቹ እኛ ነን፣
ስድስተኛ ክፍልን ያላለፍን ሴቶች።

እናቲቱ ቦምብ ሰማይ ላይ ሆዷን ትከፍታለች፣
ስድስት መቶ ልጅ በአንድ ምጥ ትበትናለች።
የሚበዛው መሬት ሲነካ ይፈነዳል፤
ያልፈነዳው ይቀራል።
ይቀራል፤ ዝናብ ይጠጣል፣ ሥር ያቅፈዋል፣
እንደ ሎሚ ክብ ሆኖ ማረሻ ይጠብቃል።
እንቡጥም ይፈነዳል። ያን የመሰለ ቃል
ለዚህ ማን አዋሰው?

ቡዋቫን እሳት ያነደደችው
የቀርከሃ ቡቃያ ልትቀቅል ነው፤
ከጓሮዋ፣ ከሙዙ ሥር፣
ሁልጊዜ ከምታነድበት ሁለት ስንዝር ፈቀቅ ብላ፣
ጭሱ የእንግዶቿን ዓይን እንዳይነካ አስባ።
ከሥሩ የተኛው አርባ ዓመት ብርድ ላይ ነበረ።
ሞቀው።

ከዚያ ወዲህ በአንድ እጇ ሩዝ ስታበጥር
"ማንን ልክሰስ?" ትለኛለች። ተቆጥታ አይደለም፤
የጠፋባትን ዶሮ የምትጠይቅ ነው ድምፅዋ።
"የጣለው አርጅቶ ሞቷል። ያዘዘውም ሞቷል።
እስከ ዛሬ ያልሞተው የተጣለው ብቻ ነው።"

ይህንኑ እንድናገር ሐይቅ ዳር ካለ ከተማ ጠሩኝ።
አዳራሹ ዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው፤
እግሬ ፈራ፤ ከሥሩ ያለውን አላውቅማ።
ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። አንዱ ካፖርቴን ተቀበለኝ።
ቀኑን ሙሉ ግን የተከራከሩት ስለ ቁጥር ነው፤
ከመቶ አንድ ብቻ ቢከሽፍስ፣ ይፈቀድ? ከመቶ ሁለትስ?
"አዲሱ ዓይነት ራሱን ያጠፋል" አለ የአንዱ አገር ጠበቃ፣
ሰዓቱ ሲደርስ ስለሚተኛ ጨዋ ልጅ እንደሚያወራ።
"ሕግ የሚያየው ወደ ፊት ነው" አለ ሌላው።
እኔም ወደ ፊት ነው የማየው፤
አንድ ክንድ።

አስተርጓሚዋ ጆሮዬ ሥር ስሙን ነገረችኝ፤
ዘለላ ነው የሚሉት፤ እንደ ወይን፣ እንደ ሙዝ።
ዘለላ!
እኔ የማውቀው ዘለላ ቡዋቫን ዓይን ላይ ነው፣
አንድ እንባ፣
ሳይወርድ፣ ሳይፈነዳ፣ እዚያው የቀረ።

ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። የተጻፈልኝን ወረቀት አጠፍኩት።
"ከመቶ አንዷን አውቃታለሁ" አልኩ፤
"ቤቷ ሙዙ አጠገብ ነው።"
ቀዩ መብራት በራ።
በእኛ ሜዳ ቀይ ማለት ቁም ማለት ነው፣
እዚያም ቁም ነው። ቆምኩ።

የፈረመ ፈረመ። ያልፈረመው በር ላይ ቆሞ
ስለ አየሩ ጠባይ አወራ።
አንዳንዱም ፈርሞ ሲያበቃ፣ ጎረቤቱ ሲያስፈራው፣
ላጲስ ፍለጋ ኪሱን ዳሰሰ።

ዛሬ ጠዋት መሣሪያዬ ጮኸ።
ትንፋሼን ውጬ አፈሩን በጣቴ ገለጥኩ፣
ምስማር ነው፤ የጎበጠ፣ የማንም።
ኪሴ ከተትኩት፤ ክሩን አንድ ክንድ ገፋሁ።
ማዶ ቡዋቫን ምድጃዋን ከመሬት አንስታ
ብሎኬት ላይ ሰቅላዋለች፤ እያነደደች ነው።
ነፋሱ ጭሱን ወደ እኔ ያመጣዋል፣
ዓይኔን ይለበልበኛል፤
ፈቀቅ በይ አልላትም።